አሮጌው ባለ ሞላ ወይስ አዲሱ ባለ ሲሊንደር?

ጥያቄው ከደብረ ብርሃን የመጣ ነው። «ጋሼ፣ ጀርመን የሚኖረው አጎቴ የዒላማ ተኩስ ስፖርተኛ ነው። እኔም እንድጀምር ሁለት ምርጫ ሰጥቶኛል። ወይ ለዓመታት የተወዳደረበትን ፋይንቬርክባው 65 የአየር ሽጉጥ ይሰጠኛል፤ ወይ የዚያኑ ፋብሪካ አዲሱን ፒ8ኤክስ ከእጅ ፓምፕ ጋር ይገዛልኛል። የምለማመደው ደብረ ብርሃን ነው፤ በየወሩ ግን ወላጆቼን ለማየት ሸዋ ሮቢት እወርዳለሁ፤ እዚያም ይዤው መሄድ እፈልጋለሁ። የቱን ልቀበል? ግራኝ መሆኔንም ልንገርዎ።»

አሮጌውን ተቀበል። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር፦ «የአየር ነው፣ ማን ይጠይቀኛል» ብለህ እንዳትዘናጋ። የማስገቢያውና የመያዣው ፈቃድ በጽሑፍ እጅህ ሳይገባ ዕቃው ከጀርመን አይነሳ።

ሁለቱም የሚተኩሱት ያንኑ 4.5 ሚሊሜትር እርሳስ፣ ማለትም ትንሽ የእርሳስ ጥይት ነው፤ ዒላማውም ያው 10 ሜትር ላይ የተሰቀለ፣ የአሥር ነጥቡ ክብ 11.5 ሚሊሜትር ብቻ የሆነ ወረቀት ነው። ልዩነቱ አየሩ ከየት እንደሚመጣ ነው። 65 በስሙ እንደተጻፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1965 ጀምሮ የወጣ ሥራ ነው። በጎኑ ያለውን ማንሻ ስትስበው ፒስተኑ ወደ ኋላ ሄዶ ሞላው ይታመቃል። ምላጩን ስትስብ ፒስተኑ ተወርውሮ ፊቱ ያገኘውን አየር ይጨምቅና እርሳሱን ይገፋል። ፋብሪካው ባለበት በጀርመኗ ኦበርንዶርፍ ያሉት መሐንዲሶች የተጠበቡት ከዚህ በኋላ ባለው ነገር ነው፤ ጥይቱ ሲወጣ የሽጉጡ የላይኛው አካል በሐዲድ ላይ ትንሽ ወደ ኋላ ስለሚንሸራተት እጅህ ግፊቱን አያውቀውም። እኔ በጥገና ሠላሳ ዓመት ስቆይ ብዙ መሣሪያ ፈትቻለሁ፤ ስገጥመው ፈገግ ያሰኘኝ ግን ጥቂቱ ነው፣ ይህ አንዱ ነው። ፒ8ኤክስ ደግሞ እስከ 200 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) አየር የተሞላ ሲሊንደር ከአፈሙዙ በታች ይሸከማል። በውስጡ የሚወረወር ከባድ ፒስተን ስለሌለ ተኩሱ እጅግ የረጋ ነው። ለውድድር ብትጠይቀኝ ኖሮ ያለ ማመንታት እርሱን እልህ ነበር።

አንተ ያለኸው ግን ደብረ ብርሃን ነው። ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ስለሆነ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛውን እንኳ አይሞላም። በእጅ ፓምፕ ስትሞላ በእያንዳንዱ ግፊት የምታስገባው አየር በዚያው ልክ ያንሳል። ጀርመን ቆላ ላይ ያለ ሰው መቶ ጊዜ ገፍቶ የሚሞላውን አንተ መቶ አርባ ጊዜ ያህል ትገፋለህ። ላብህ ሳይደርቅ እጅህን ዘርግተህ አነጣጥር ቢሉህ እጅህ እንደ ቅጠል ነው የሚንቀጠቀጠው።

መንገዱም አለ። በጥቅምት ውርጭ ማለዳ በ5 ዲግሪ ላይ ሲሊንደሩን 200 ባር ድረስ ሞልተህ፣ የጣርማበርን ዋሻ አልፈህ፣ ደብረ ሲናን ቁልቁል ወርደህ ሸዋ ሮቢት ስትደርስ ሙቀቱ 35 ቢሆን ግፊቱ ብቻውን 220 ባር ያልፋል። ያ ከተፈቀደለት በላይ ነው፤ ፀሐይ የሚመታው መኪና ውስጥ ከተውከው ደግሞ ይብሳል። አዲሱን የመረጥክ እንደሆነ ለመንገድ ከ170 ባር በላይ አትሙላ። የሲሊንደሩም ዕድሜ አሥር ዓመት ነው፤ የተሠራበት ቀን በላዩ ተቀርጿል። ቀኑ ካለፈበት ምንም ቢያብረቀርቅ ዋጋ የለውም። የፓምፑን አየር የሚነካ ማንኛውም ክፍል ላይም ከፋብሪካው ከታዘዘው ሌላ ዘይት ወይም ግራሶ አታስነካ፤ የታመቀ አየርና ዘይት ሲገናኙ እሳት ሊነሣ ይችላል።

ባለ ሞላው ከዚህ ሁሉ ጣጣ ነፃ ነው። የአየሩ መሳሳት እርሱንም ይነካዋል፤ የሚጨምቀው አየር ስለሚያንስ እርሳሱ በትንሹ ይዘገያል፤ ሸዋ ሮቢት ስትወርድ ደግሞ በትንሹ ይፈጥናል። ስለዚህ ሁለቱም ቦታ ላይ አምስት አምስት ተኩሰህ የኋላ ማነጣጠሪያውን ብሎን ስንት ጊዜ «ቀጭ» እስኪል እንዳዞርከው በደብተርህ ጻፍ። ሌላ ችግር የለውም።

አጎትህ ከመላኩ በፊት የሚያየው ነገር አለ። ቀጭን የሶፍት ቁራጭ እርሳሱ የሚገባበት መጋጠሚያ ላይ ያኑርና አፈሙዙን የተተኮሰውን እርሳስ ወደሚያስቀረው ሳጥን አድርጎ ይተኩስ። ወረቀቱ ከተርገበገበ አየር እንዳያመልጥ የሚዘጋው ጎማ አልቋል ማለት ነው፤ ጎማው ርካሽ ስለሆነ እዚያው ይለውጠው። ያለ እርሳስ ግን እንዳይተኩስ፤ ፒስተኑ የሚያቆመው የአየር ትራስ ስለማያገኝ ግድግዳውን ይመታዋል። ውስጡ የቆየው ግራሶም እንዲጠረግ ንገረው። አንድ ጊዜ እጄ የገባ ባለ ሞላ መሣሪያ ግራሶው እንደ ረጋ ማር ጠንክሮ በካቻቪቴ ጫፍ ነው የፋቅኩት፤ በእኛ ብርድ ፒስተኑ እንደ ሽማግሌ እየተጎተተ ይሄድ ነበር። አዲስ የሚቀባው በጣም ጥቂት ይሁን። ስትተኩስ ጭስ ካየህ ወይም ድምፁ ከወትሮው ከጮኸ ዘይት በዝቷል፤ አቁም።

አሁን በደብዳቤህ መጨረሻ ላይ እንደ ዋዛ ወደ ጣልካት ቃል ልምጣ፤ ግራኝነትህን መጀመሪያ ላይ ነበር መጻፍ የነበረብህ። የዒላማ ሽጉጥ እጀታ እንደ ጫማ ነው፤ የቀኝ እጅ ቅርጽ ሆኖ የተቀረጸው ግራህ ውስጥ አይገባም፣ ቢገባም አውራ ጣትህን ያጣምመዋል። ማንሻውም በግራ ጎን ስለሆነ የሚስበው ነፃው ግራ እጅ እንዲሆን ታስቦ ነው። አንተ ሽጉጡን ለጊዜው ወደ ቀኝህ ማዛወር አለብህ። በደቂቃ አንዴ ለሚተኩስ ሰው ይህ አይከብድም፤ እጀታው ግን መለወጥ አለበት። አጎትህ የግራ እጀታ ፈልጎ ካጣ በዋንዛ አስቀርጸው። ወይራ አልመክርህም፤ ያምራል ግን ይከብዳል፣ ለሞረድም እሺ አይልም። አናጺው መጀመሪያ ከአሮጌው እጀታ ላይ የብሎኑን ቀዳዳና የብረቱን መቀመጫ ልክ ይውሰድ፤ የጣቶችህን ቦታ ግን ሰፋ አድርጎ ይተወው። ከዚያ አንተ ራስህ ዓይንህን ጨፍነህ ትይዘዋለህ፤ ስትገልጥ ሁለቱ ማነጣጠሪያዎች ካልተሰለፉ የሚገፋህን ጎን በሞረድ ትንሽ ትፍቃለህ፤ እንደገና ትጨፍናለህ። ቀስ በል፤ የተፋቀ እንጨት አይመለስም።