«አልወደቁም፣ እኔ ነኝ ያስቀመጥኳቸው»

አሜሪካ ነርሲንግ ሆም (የአረጋውያን መንከባከቢያ) ውስጥ በሲኤንኤነትም (በረዳት ነርስነት) በነርስነትም የምትሠሩ ወገኖቼ፣ እኔን ያሳፈረኝ ነገር እናንተን እንዳያገኛችሁ ነው የምጽፈው።

ሥራ በጀመርኩበት ዓመት አንዲት አዛውንትን ሌሊት ከመጸዳጃ ቤት ስመልሳቸው ጉልበታቸው ከዳቸው። ከብብታቸው ደግፌ ቀስ አድርጌ መሬት ላይ አስቀመጥኳቸው። ጭረት እንኳ አልነካቸውም። በራሴ ኮርቼ ቻርቱ ላይ «ደህና አደሩ» ብዬ ወጣሁ። እሳቸው ግን ጠዋት ለልጃቸው ነገሯትና ጉድ ፈላ። አለቃዬ ስትጠይቀኝ የመለስኩትን ከላይ አንብባችሁታል።

ለእኔ መውደቅ ማለት ዘጭ ብሎ መጎዳት ነበር። ነርሲንግ ሆሞችን የሚቆጣጠረው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ሲኤምኤስ፣ ስለ እያንዳንዱ ነዋሪ በሚሞላው የምዘና ፎርም (ኤምዲኤስ) መመሪያው የሚለው ሌላ ነው፦ ሰውየው ሳያስበው መሬት ወይም ከነበረበት ዝቅ ያለ ነገር ላይ ካረፈ ወድቋል። ሊወድቅ ሲል ሌላ ሰው ቢይዘው ወይም ራሱ የሆነ ነገር ጨብጦ ቢተርፍም ይቆጠራል። መጎዳት አለመጎዳቱ ለብቻው የሚሞላ ጥያቄ ነው። መጀመሪያ ቢሮክራሲ መስሎኝ ነበር። በኋላ ሲታይ ግን በዚያው ሳምንት የደም ግፊት መድኃኒት ተጨምሮላቸው ኖሯል፤ እኔ ዝም ስላልኩ ጉልበታቸው ለምን እንደከዳቸው የጠየቀ አልነበረም።

የመኝታ ቁስልም ያሳስታል። አራተኛ ደረጃ (እስከ ጡንቻ ወይም አጥንት) የደረሰው እየሞላ ሲመጣ ዓይናችሁ «አሁንማ ሁለተኛ ሆኗል» ይላችኋል። እስኪዘጋ ድረስ አራተኛ ነው፤ የሚሞላው ጠባሳ እንጂ የጠፋው ጡንቻ አይደለም። መሻሻሉን በሴንቲሜትር ለኩና ጻፉ። የአልጋው የጎን ብረት ደግሞ «እንዳይወድቁ ብዬ ነው» ብትሉም ማንም አይሰማችሁም፤ መነሣት የሚችለውን ሰው ከያዘውና ሰውየው ራሱ ብረቱን በቀላሉ ዝቅ ሊያደርገው ካልቻለ እንደ ማሰሪያ ይታያል። ክብደት ላይም ክርክር የለም፦ በወር 5 በመቶ ወይም በስድስት ወር 10 በመቶና ከዚያ በላይ ከቀነሱ ፎርሙ ላይ ይመዘገባል።

ፎርሙ የራሱ ቋንቋ ይኑረው፤ የእናንተ ማስታወሻ ግን ያያችሁትን ይናገር። «ወደቁ» ብቻ አይበቃም። የት ቆመው እንደነበር፣ ምን ጫማ እንዳደረጉ፣ ምን እንዳሉ፣ ማን እንደያዛቸው ጻፉ።

«ያንን አጥፊውና ተቀመጡ በይ» የሚላችሁ ቢመጣ አታጥፉ። የረሳችሁት ካለ የዘገየ ማስታወሻ መሆኑን ገልጻችሁ በምትጽፉበት ቀንና ሰዓት ጨምሩ። መመሪያው ሲኤምኤስ ድረ ገጽ ላይ በነፃ አለ፤ ስለ ውድቀት የሚናገረው ክፍል ጄ ነው፣ እኔ አትሜ ሎከሬ ውስጥ አስቀምጫለሁ።