አሰልጣኝ ለመሆን የግድ መሰደድ አለብኝ?

ጥያቄ፦ የመንዝ ልጅ ነኝ። አሁን ደብረ ብርሃን ሬሜዲያል እየተማርኩ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ትግል እወዳለሁ፤ የሰፈር ልጆችንም አለማምዳለሁ። ህልሜ አሰልጣኝ መሆን ነው። ዳንኤል ኢጋሊ ከናይጄሪያ ካናዳ ገብቶ የኦሊምፒክ ወርቅ ማግኘቱን ከሰማሁ ወዲህ ግን ልቤ ሸፍቷል። ጓደኞቼ በጅቡቲ በኩል ሊወጡ ነው። አብሬያቸው ልሂድ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ በዚያ መንገድ አትሂድ። ባሕሩ ላይ የቀሩት ብዙዎቹ የአንተ እኩዮች ናቸው።

የኢጋሊን ታሪክ ያዘው፤ ግን ሙሉውን ያዘው። በ1994 እ.ኤ.አ. ካናዳ የገባው በደላላ አይደለም። የናይጄሪያ ትግል ቡድን አምበል ሆኖ ለኮመንዌልዝ ጨዋታዎች ሄዶ፣ እዚያው ጥገኝነት ጠየቀ። ከዚያ ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ ልምምዱንም አላቋረጠም። በ1999 የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ በ2000 ሲድኒ ላይ በ69 ኪሎ ወርቁን ወሰደ። በኋላ ግን ናይጄሪያ ተመልሶ የአገሩን ታጋዮች አሰልጥኗል፤ የአገሩን ፌዴሬሽንም በፕሬዚዳንትነት መርቷል። አየህ፣ ስደቱ በታሪኩ ውስጥ አለ እንጂ አሰልጣኝ ያደረገው እሱ አይደለም።

አንተ ደግሞ ሥራውን ጀምረኸዋል እኮ! የጎደለህ እውቀቱና ወረቀቱ ነው። በባህል ትግል ባላንጣህን ከጣልክ አበቃ። በፍሪስታይል፣ ኢጋሊ ወርቁን ባገኘበት የኦሊምፒክ ትግል ዓይነት፣ ግን መጣል ገና መጀመሪያው ነው፤ ሁለት ትከሻውን ምንጣፍ ላይ እስክታስነካ ወይም በነጥብ እስክትበልጠው ትቀጥላለህ። ግጥሚያው ሁለት ጊዜ 3 ደቂቃ ስለሆነ ጉልበት ብቻውን አያዋጣም፤ ትንፋሽ ያስፈልጋል። ሌላው የኦሊምፒክ ትግል፣ ግሪኮ ሮማን ላይ ደግሞ ከወገብ በታች መያዝ ክልክል ነው።

ከሁሉ በፊት ልጆቹን አወዳደቅ አስተምራቸው። አገጫቸው ደረታቸው ላይ ይጠጋ፣ በመዳፋቸው መሬቱን ይምቱ፣ ጭንቅላታቸው እንዳይነካ። ከዚህ በፊት ማንም ማንንም አይጣል። የደብረ ብርሃንን የጠዋት ብርድ ታውቀዋለህ፤ በደንብ ሳይሟሟቁ አታጋጥማቸው። ኪሎ ለመቀነስ ብለህም ልጅ እንዳታስርብ፣ አደራ።

ሬሜዲያሉን እለፍና እዚያው ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ስፖርት ሳይንስ ምረጥ። እውነቱን ልንገርህ፣ እኛ አገር በትግል አሰልጣኝነት ብቻ ደመወዝ ማግኘት ከባድ ነው። ዲግሪው ካለህ ግን በሰውነት ማጎልመሻ መምህርነት ተቀጥረህ፣ ከሰዓት በኋላ ማሰልጠን ትችላለህ። እኔ ብሆን ይህንን ነው የማደርገው። ውጭ የመሄድ ዕድል ቢመጣም በማሊያ ይምጣ፣ በውድድር።

እስከዚያው ደብተር ያዝ። የልጁን ስም፣ ኪሎውን፣ በዕለቱ ምን እንዳስተማርከው ጻፍ። ነገ ሥራ ስትጠይቅ ልምድህ እሱ ነው። የከተማውን ስፖርት ጽሕፈት ቤትም ሄደህ ጠይቅ። ትግል በባህል ስፖርቶች ውድድር ውስጥ ስላለ ልጆቹን የምታስመዘግብበትን፣ አንተም የአሰልጣኝነትና የዳኝነት ስልጠና የምታገኝበትን መንገድ ይነግሩሃል። ስትሄድ ከወላጆቹ አንድ ሁለቱን ይዘህ ሂድ፤ ሜዳ ለመጠየቅ ከአንተ ይልቅ እነሱ ይሰማሉ።