«ሞልቷል» ብለው ሲያስቀሩዎት ምን ላይ ፈረሙ?

ጥያቄ፦ ትኬቴ የተረጋገጠ ነበር። መሳፈሪያው በር (ጌቱ) ላይ ስደርስ «በረራው ሞልቷል» ብለው አስቀሩኝ። ቫውቸር (በገንዘብ ፋንታ ለሌላ ጉዞ የሚያገለግል ወረቀት) እና የአንድ ሌሊት ሆቴል ሰጥተውኝ በማግስቱ በረርኩ። የእህቴ ሠርግ አመለጠኝ። ካሳ መጠየቅ እችላለሁ?

መልስ፦ ይችሉ ይሆናል። «ይሆናል» ያልኩት ሦስት ነገር ስለዘለሉብኝ ነው። ከየት አገር እንደተነሱ አልነገሩኝም። ጌቱ ላይ በስንት ሰዓት እንደደረሱም አልነገሩኝም። ቫውቸሩን ሲቀበሉ ምን እንደፈረሙ ደግሞ ጭራሽ አላነሱትም። እኔን ያሳሰበኝ ይሄኛው ነው።

ሁለቱን ቶሎ ልጨርስ። ከወንበር በላይ ትኬት መሸጥ በብዙ አገር በራሱ ክልክል አይደለም። ከአውሮፓ ኅብረት አገር ከተነሱ፣ አየር መንገዱ የማንም ይሁን የማን፣ የኅብረቱ እ.ኤ.አ. የ2004ቱ ደንብ ቁጥር 261 ይሠራልዎታል። ካሳው እንደ ርቀቱ 250፣ 400 ወይም 600 ዩሮ ነው። ከአሜሪካ ከተነሱ ሕጉ ሌላ ነው፤ የሚሰላውም ከትኬቱ ዋጋ ነው። ሌላ ቦታ ከሆነ እ.ኤ.አ. የ1999ኙ የሞንትሪያል ስምምነት፣ ማለትም የአየር መንገዶችን ተጠያቂነት የሚወስነው ዓለም አቀፍ ውል፣ ሊረዳዎት ይችላል። የእሱ ክስ ግን በሁለት ዓመት ውስጥ ካልቀረበ ይቀራል። ዘግይተው ደርሰው ከሆነ ደግሞ ሳይደብቁ ለጠበቃዎ ይንገሩ። ያኔ መከራከሪያው ሁሉ ይለወጣል።

አሁን ወደ ወረቀቱ። ቫውቸር ብዙ ጊዜ ያለ ፊርማ አይሰጥም። ሰው ደክሞታል፣ ሻንጣው እግሩ ሥር ነው፣ ከኋላው ሰልፍ አለ። ሠራተኛዋ እስክሪብቶ አቀብላ «ለሆቴሉ ነው፣ እዚህ ጋ ይፈርሙ» ትላለች። እሱም ሳያነብ ይፈርማል። ወረቀቱ አናት ላይ ግን በደቃቅ ፊደል «መቀመጫዬን በፈቃዴ ለቅቄያለሁ» የሚል ሊኖር ይችላል። ደንበኞቼ ደጋግመው የሚወድቁት እዚህ ጋ ነው።

ለምን መሰልዎ? የአውሮፓው ደንብ አየር መንገዱ አስቀድሞ መቀመጫውን የሚለቅ ፈቃደኛ እንዲፈልግ ያዛል። ፈቃደኛ የሚያገኘው የተስማማበትን ነው። ያለፈቃዱ የቀረ ሰው ግን በሕግ የተቆረጠውን ካሳ ያገኛል። አንዲት ፊርማ ከሁለተኛው ወደ መጀመሪያው ታሻግርዎታለች። በዚያው ደንብ ካሳ በገንዘብ ፋንታ በቫውቸር የሚከፈለው ተሳፋሪው ፈርሞ ሲስማማ ነው። ስለዚህ ፊርማዎ ሁለት ጊዜ ይቆጠርብዎታል ማለት ነው። ጠያቂዬ፣ አይቆጡኝና፣ ይሄን በደብዳቤዎ መጀመሪያ ላይ መጻፍ ነበረብዎት።

ፈርመውም ቢሆን ግን ገና ተስፋ አይቁረጡ። በአውሮፓው ደንብ መብቱ በትክክል ሳይነገረው ያነሰ ካሳ የተቀበለ ሰው ቀሪውን መጠየቅ ይችላል። አየር መንገዱ መብትዎን የሚዘረዝር ጽሑፍ ሊሰጥዎት ይገባ ነበር። ሰጥተዎት ነበር? ካልሰጡዎት ይሄ ትልቅ ነጥብ ነው። በእርስዎ ጉዳይ ይሠራል አይሠራም የሚለውን ግን ወረቀቱን ሳላይ አልልም።

ሠርጉን በተመለከተ፣ ኀዘንዎ ይገባኛል። ፍርድ ቤት አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው ግን ደረሰኝ ያለውን ወጪ ነው።

ትኬቱን፣ ቦርዲንግ ፓሱን፣ የላኩልዎትን መልእክት ሁሉ ይሰብስቡ። የፈረሙት ወረቀት ቅጂ ከሌለዎት አየር መንገዱን በጽሑፍ ይጠይቁ፤ በስልክ አይሆንም። ከዚያ በተነሱበት አገር ሕግ የሚሠራ ጠበቃ ያማክሩ። ቫውቸሩን ገና ካልተጠቀሙበት ጠበቃው ሳያየው አይንኩት።