መልስ፦ የጋመ ከሰል ድንኳን ውስጥ

«አቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይ ስናድር ጭሱ ያለቀለት ከሰል ድንኳን ውስጥ ብናስገባ ምን ችግር አለው?» ላልከው፦ በፍጹም አታስገቡ። ጭሱ ቢያልቅም ፍሙ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ያወጣል፤ ሽታም ቀለምም የለውም። በደም ውስጥ ኦክስጅን ከሚሸከመው ከሄሞግሎቢን ጋር ያለው ትስስር ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ ስለሚጠነክር የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። የድንኳኑን ዚፕ ገርበብ ማድረግም አያድንም።

ደሴ፣ አንድ ክረምት፣ ቡና ከተፈላ በኋላ ማንደጃው አልጋዬ አጠገብ ቀረ። ራሴን ሲወቅረኝ ጉንፋን መስሎኝ ጋቢ ደርቤ ተጋደምሁ፤ እናቴ በሩን ባትበረግደው ኖሮ ይህን አልጽፍልህም ነበር።

ተራራው ከ4000 ሜትር በላይ ስለሆነ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሲመጣ «ከፍታው ነው» ብላችሁ አትለፉት፤ መጀመሪያ ወደ ውጭ ውጡ። ፍሙን ደጅ ሙቁት። ለመኝታ የፈላ ውሃ በብረት ኮዳ ሞልታችሁ፣ በካልሲ ጠቅልላችሁ እግራችሁ ሥር አድርጉ።