ዘረመል «ይገለጻል» ወይስ «ይገለጣል»?

ጥያቄ፦ የባዮሎጂ ተማሪ ነኝ። ስለ ጤና አጭር ጽሑፍ ሳዘጋጅ «የበሽታ መከላከያ ሕዋሳት ሲቀሰቀሱ የዘረመል አገላለጽን ይቆጣጠራሉ» ብዬ ጻፍኩ። ጓደኛዬ አንብባ «ዘረመል ደግሞ ምን ብሎ ይገልጻል?» ብላ ሳቀችብኝ። ተሳስቻለሁ?

መልስ፦ ጓደኛህ ልክ ናት። «አገላለጽ» ሲባል ጆሯችን የሚሰማው አነጋገር ነው። የሚገለጸው ሐሳብ ነው፤ መጋረጃ፣ የመጽሐፍ ገጽ፣ ሌማት ግን ይገለጣል፣ በ«ጠ»። ስናወራ እናደባልቃቸዋለን፣ እኔም ጭምር። እዚህ ግን ልዩነቱ ያስፈልገናል።

እስቲ ሕዋሱ ውስጥ የሚሆነውን እንየው። ፕሮቲን የሚያሠሩት የሰው ዘረመሎች ወደ 20,000 ይጠጋሉ። የጉበቱም የነጭ ደም ሕዋሱም የያዙት መጽሐፍ ከሞላ ጎደል አንድ ነው፤ የሚለያዩት በገለጡት ገጽ ነው። ገጹን ከሚገልጡት አንዱ ኤንኤፍ-ካፓ-ቢ የሚባል ፕሮቲን ነው፤ ራንጃን ሴንና ዴቪድ ባልቲሞር በ1986 እ.ኤ.አ. ያገኙት። የስሙ «ኤን» «የኒውክለስ» (ዘረመሎቹ የተቀመጡበት የሕዋሱ አስኳል) ይላል እንጂ ሕዋሱ ካልነቃ በቀር አብዛኛው ከኒውክለስ ውጭ ታስሮ ነው የሚቀመጠው። ቲ ሴል የሚባለው ነጭ የደም ሕዋስ ጠላቱን ሲለይ የምልክት ሰንሰለት ይጀምርና አሳሪው ፕሮቲን ይፈራርሳል፤ ታሳሪው ተፈትቶ ወደ ኒውክለስ ይገባል፣ ከሌሎች መሰሎቹ ጋር ሆኖም ኢንተርሉኪን-2 የተባለውን መልእክተኛ ፕሮቲን የሚያሠራውን ዘረመል ይገልጣል። የተገለጠው ገጽ አርኤንኤ በሚባል ሞለኪውል ይቀዳል፣ ቅጂው ፕሮቲን ይሠራበታል። («ይገለበጣል» የሚሉም አሉ፤ እኔ ግን መኪና ትዝ ይለኛል።)

«መገለጥ የመልአክ ነው፣ ቤተ ክርስቲያን ቤተ ክርስቲያን ይላል» የሚለኝ አይጠፋም። ይበል፤ እዚያም እኮ ተሰውሮ የነበረው ታየ ማለት ነው። ከከበደህ ግሱን ተጠቀም፦ «ሕዋሱ ዘረመሉን ይገልጣል»።

«ሲቀሰቀሱ»ንም ብትተወው ደስ ይለኛል። በሽታና ረብሻ ነው የሚቀሰቀሰው፤ አንባቢህ ሕዋሱ ራሱ የታመመ ሊመስለው ይችላል። «ሲነቁ» በቂ ነው።

«ይቆጣጠራሉ»ስ? ስህተት አይደለም፣ ግን ኬላ ላይ የቆመ ፖሊስ ይመስላል። ሥራው ረቀቅ ያለ ነው። ያ የተፈታው ፕሮቲን ከሚገልጣቸው ዘረመሎች አንዱ የራሱን አሳሪ የሚያሠራው ነው! ማሰሪያ ገመዱን ራሱ ያስፈትላል፣ ተመልሶ ይታሰራል፤ ይህ ባይሆን ቁጣው ሳይበርድ ጤነኛውን አካል ይጎዳ ነበር። የብዙዎቹ ሳይቶካይኖች (እንደ ኢንተርሉኪን-2 ያሉ መልእክተኛ ፕሮቲኖች) የአርኤንኤ ቅጂም ቶሎ ይበጣጠሳል። ይሄን ማብራትና ማጥፋት፣ ማብዛትና ማሳነስ፣ «መመጠን» የሚለው ቃል ነው የሚይዝልኝ። ወጥ ስትሠራ ጨው የምትመጥን ሴት ጨውን «ተቆጣጠረች» አይባልም።

እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈው ነበር፦ «የበሽታ መከላከያ ሕዋሳት ሲነቁ የትኛው ዘረመል እንደሚገለጥ፣ ምን ያህልና እስከ መቼ እንደሚገለጥ ይመጥናሉ።»