እማዬ ልኩን አትነግረኝም

ጤና ይስጥልኝ። የማማክርዎት ነገር ለሌላ ሰው ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ እኔን ግን እንቅልፍ ነስቶኛል። እናቴ አይብ ትሠራለች። ሙያውን የተማረችው ከአያቴ ነው። አሁን ትከሻዋን ስለሚያማት እንደ ድሮው ቅል መናጥ አልቻለችም። ሁለት ወንድሞች አሉኝ፤ ሴት ልጇ ግን እኔ ብቻ ነኝ። እኔ ካልያዝኩት እሷው ጋር ይቀራል።

ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። መጀመሪያ በሽታ ፈርቼ ወተቱን አፈላሁትና በአዲስ ጀሪካን አስቀመጥኩት። በአራተኛው ቀን መሮ አገኘሁት፤ ደፋሁት። ሁለተኛውን ሳላፈላ አረጋሁት። ከቀትር በኋላ ጀምሬ ስንጥ አመሸሁ፤ ቅቤው አልሰበሰብ አለ። በሦስተኛው ቅቤ ወጣልኝ። ደስ ብሎኝ አሬራውን ምድጃ ላይ ጣድኩት። አይቡ ግን እንደ ማስቲካ ድርቅ ያለ ሆነ።

እማዬን “ምን ያህል ይሙቅ? ስንት ደቂቃ?” ስላት “እጅሽ ይነግርሻል” ትለኛለች። በቃ፣ ሌላ መልስ የለም። ሦስተኛውን ቀምሳ ሳህኑን ዝም ብላ መለሰችልኝ። ያን ቀን አለቀስኩ። ሙያዋን ልትሰጠኝ አልፈለገችም ይሆን? ወይስ የእኔ እጅ ለዚህ አልተፈጠረም? ልተወው?

የእናቷ ልጅ

—

ውድ እህቴ፣ እባክሽ እንዳትተዪው። የእጅሽ ጥፋት አይደለም። ሦስቱም የተበላሹበት ምክንያት ይታወቃል።

ወተቱን ማፍላትሽ ልክ ነበር። ካልፈላ ወተት ብሩሴሎሲስም (ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ ነው) የሳንባ ነቀርሳም ሊተላለፍ ይችላል። አይብ ሲሠራ የሚያገኘው ለስላሳ ሙቀት ደግሞ እነዚህን ለመግደል አይበቃም። ነገር ግን ወተቱን የሚያረጉት ባክቴሪያዎችም በማፍላቱ አብረው ሞቱ። በእናትሽ ቅል ውስጥ ካለፈው እርጎ የሚተርፍ እርሾ አለ፤ በወይራ ስለሚታጠንም መጥፎው ነገር በቀላሉ አይበረታበትም። አዲሱ ጀሪካንሽ ሁለቱም የሉትም። ስለዚህ አፍዪው፣ ለብ እስኪል አቀዝቅዢው፣ ከዚያ ከፈላ ወተት የተሠራ ጥሩ እርጎ ሁለት ሦስት ማንኪያ ጨምሪበት። ደህና አድርጎ ይኮምጥጥ፤ አትቸኩዪ።

ሁለተኛው ላይ የጎዳሽ የቀትሩ ሙቀት ይመስለኛል። ቅቤ በደንብ የሚሰበሰበው እርጎው ቀዝቀዝ ሲል ነው፤ 20 ዲግሪ አካባቢ ወይም ትንሽ ዝቅ ሲል። ሲሞቅ ስቡ ይለሰልስና አሬራው ውስጥ ይቀራል። በማለዳ ናጪ። የቅሉን ድምፅም አዳምጪ፤ ቅቤው ሲሰበሰብ ድምፁ ይለወጣል። ካላመንሽ በቀዳዳው ስንደዶ ከተሽ አውጪ። ጥቃቅን የቅቤ ፍሬ ከተጣበቀበት ደርሷል ማለት ነው።

ሦስተኛው የእሳት ነገር ነው። አሬራ መንተክተክ የለበትም። 50 ዲግሪ አካባቢ ይበቃዋል። በዝግታ፣ ለግማሽ ሰዓት ያህል ወይም ትንሽ ለሚበልጥ ጊዜ ተዪው። አይቡ ራሱ ከአጓቱ ተለይቶ ይንሳፈፋል። እያማሰልሽ አትረብሺው፤ ይደቅና ከአጓቱ ጋር ይሄዳል። ለስላሳ አይብ ሦስት አራተኛው ገደማ ውሃ ነው። እሳቱ ሲበረታበት ያንን ውሃ ይተፋል፤ ማስቲካ የሆነብሽ ለዚህ ነው። ከእሳት አውርደሽ ሲቀዘቅዝ በንጹህ ጨርቅ አጥልዪው። ደግሞ ጥቂት ወጣልኝ ብለሽ አትዘኚ፤ ከ8 ሊትር ወተት የሚገኘው 1 ኪሎ ገደማ ነው።

አሁን ወደ እናትሽ። ሙያቸውን የደበቁሽ አይመስለኝም። ልኩ በቃል የላቸውም፤ እጃቸው ላይ ነው ያለው። አክስቴ አሬራ ስትጥድ መዳፏን በሸክላ ድስቱ ጎን ታሳርፍ ነበር። ጥቂት ትቆይና ታነሳዋለች። አንዳንዴ አንድ እንጨት ከእሳቱ ታወጣለች፣ አንዳንዴ ምንም አታደርግም። ልጅ ሆኜ ደጋግሜ አይቻታለሁ፤ ስንት ዲግሪ ነው ብላት ግን መልስ አይኖራትም ነበር። “እጅሽ ይነግርሻል” ሲሉሽ እናትሽ የሚያውቁትን እውነት ነው የነገሩሽ።

ስለዚህ መጠየቁን ተዪና አጠገባቸው ሥሪ። ቅዳሜ ጠዋት ከምድጃው ጎን አስቀምጫቸው። ሥራውን አንቺ ያዢ። እሳቸው ድስቱን ሲነኩ አንቺም ንኪ። “አሁንስ?” በያቸው። “ገና” ይሉሻል፣ “እሳቱን ቀንሺ” ይሉሻል፣ “አውርጂ” ይሉሻል። ቴርሞሜትር ግዢ፤ “አውርጂ” ባሉሽ ቅጽበት ሙቀቱን አንብበሽ ደብተር ላይ ጻፊው። ሦስት አራት ቅዳሜ እንዲህ ካደረግሽ የእናትሽ ልክ በቁጥር እጅሽ ይገባል።

ሳህኑን በዝምታ መመለሳቸው እኔንም ከብዶኛል። ይህን በሆድሽ አትያዢው። “እማዬ፣ ያን ቀን ከፋኝ” በያቸው። መናጥ ያቃታት ባለሙያ ልጇ ስትቸገር ማየት ምን ያህል እንደሚያም አስቢ፤ ምናልባት ዝምታው ከዚያ የመጣ ይሆናል።

አንድ ነገር ግን አልቀበልሽም። “ሴት ልጇ እኔ ብቻ ነኝ” ብለሽ ሸክሙን ሁሉ ለብቻሽ ወስደሻል። ሙያው የቤተሰቡ ከሆነ ወንድሞችሽ የት ሄዱ? መናጥ ትከሻ ይፈልጋል፤ የእናትሽ ትከሻም ያለቀው በእሱ ሊሆን ይችላል። ቅዳሜ ቅሉን ለአንደኛው ወንድምሽ ስጪው። ስንደዶውን እናትሽ ይያዙ።