በቀይ እስክሪብቶ የሰረዝኩት መልስ

ውድ ልጆቼ፣

ይህን የምጽፈው የጥንት እንስሳትን ታሪክ ማጥናት ለምትመኙት ነው። ሠላሳ ዓመት ያህል ሥነ ሕይወት አስተምሬአለሁ። ዛሬም የሚቆጠቁጠኝ ግን አንድ የፈተና ወረቀት ነው። «ማሞዝ (ጸጉራሙ የጥንት የዝሆን ዘመድ) ከምድር የጠፋው መቼ ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። የምጠብቀው መልስ «ከ10,000 ዓመት በፊት» የሚል ነበር። አንድ ዝምተኛ ልጅ «ከ4,000 ዓመት በፊት» ብሎ ጻፈ። በቀይ እስክሪብቶ ሰረዝኩበት። መጥቶ ሲጠይቀኝ «ከየት አገኘኸው?» ማለት ሲገባኝ «መጽሐፍህን አንብብ» ብዬ መለስኩት። ለካ ከሬዲዮ ሰምቶ ኖሯል።

ልጁ ልክ ነበር። ከሳይቤሪያ ጠረፍ ማዶ፣ በአርክቲክ ውቅያኖስ ውስጥ፣ ውራንጌል የምትባል ደሴት አለች። የበረዶው ዘመን ሲያበቃ ባሕሩ ከፍ ብሎ ከየብስ ለያት፤ በላይዋ የነበሩት ማሞዞችም እዚያው ቀሩ። የየብሶቹ ካለቁ በኋላ እነዚህ ስድስት ሺህ ዓመት ያህል ቆይተዋል። ይህ የታወቀው የሩስያ ተመራማሪዎች የጥርሶቹን ዕድሜ በራዲዮካርቦን (በቅሪቱ ውስጥ የቀረውን ራዲዮአክቲቭ ካርቦን በመለካት) ለይተው እ.ኤ.አ. በ1993 ይፋ ሲያደርጉ ነው። የጊዛው ታላቁ ፒራሚድ ተሠርቶ ባለቀበት ጊዜ፣ በዚያች ደሴት ማሞዝ ገና ሣር ይግጥ ነበር ማለት ነው!

ስለዚህ አንድ እንስሳ የጠፋበትን ዘመን ሲነግሯችሁ «የት?» በሉ። «ለምን?» የሚለውም ቢሆን ያለ «የት» አይመለስም። ሰው አድኖ ጨረሳቸው የሚሉ አሉ፤ አየሩ ተለውጦ መኖሪያቸው ጠፋ የሚሉም አሉ። እኔ በሰሜን አሜሪካ የሰውን እጅ ከደሙ ንጹሕ ነው ለማለት አልደፍርም። በአላስካዋ ቅዱስ ጳውሎስ ደሴት ግን ማሞዞቹ ከ5,600 ዓመት ገደማ በፊት ሲያልቁ ሰው ገና አልደረሰባትም። ባሕሩ ከፍ እያለ ደሴቷን እያሳነሳት ሲሄድ የሚጠጡት የሐይቅ ውሃ ጎደለ፤ እነዚያ ግዙፍ እንስሳት በባሕር ተከበው በውሃ ጥም አለቁ። የውራንጌሎቹስ? የዘረመል ጥናት እንደሚያሳየው፣ ከአሥር በማይበልጡ እንስሳት የተጀመረው መንጋ ከ200 እስከ 300 ደርሶ ለብዙ ሺህ ዓመታት ጸንቷል፤ የዘመድ መዋለድ ጉዳት ቢኖርበትም ቀስ በቀስ አልመነመነም። ያለቀው በድንገት ነው። ምክንያቱ ገና አልተገኘም፤ ከእናንተ አንዱ ያገኘው ይሆናል።

ያ ልጅ ዛሬ የት እንዳለ አላውቅም። ሁለት ነጥብ አለብኝ።